ለአሰልጣኙ ስንት ዓመት ይበቃዋል?

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የእህቴ ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። የዩኒቨርሲቲያቸው የቅርጫት ኳስ ቡድን ለሰባተኛ ጊዜ በተከታታይ ተሸንፏል። «ጋሼ፣ ይሄን ሰውዬ እስከ መቼ ነው የምንታገሰው?» አለኝ። አሰልጣኙን ማለቱ ነው። ሰውየው ከመጣ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው።

እኔ እዚህ አሜሪካ በአንድ መካከለኛ ኮሌጅ የስፖርት ክፍል ውስጥ 26 ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ቆይቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ኳስ ቅርጫት ውስጥ ያስገባሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። የአሰልጣኞች የቅጥር ውልና የስንብት ካሳ ግን በእጄ ያልፍ ነበር። አራት አሰልጣኝ ሲመጣም ሲሄድም አይቻለሁ። ለልጁ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፍላችሁ። ከመካከላችሁ ነገ ሰው ቀጣሪና አሰናባች የሚሆን አይጠፋም።

በፊት ብትጠይቁኝ አራት ዓመት እላችሁ ነበር፤ ዛሬ ግን ሦስት እላለሁ። አራቱ አንድ ልጅ ፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) ሆኖ ገብቶ እስኪመረቅ ያለው ጊዜ ነው። አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ የሚረከበው ሌላ ሰው የመለመላቸውን ልጆች ነው። የራሱ ምልምሎች የሚመጡት ቆይተው ነው፤ ሲመጡም ጥሬ ናቸው።

የዱክ ዩኒቨርሲቲን አሰልጣኝ ማይክ ሺሼፍስኪን ውሰዱ። ስሙ ምላስ ስለሚያስር ሁሉም «ኮች ኬ» ነው የሚለው። ዱክ የገባው በ1980 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 38 አሸንፎ 47 ተሸነፈ። ሦስተኛውን ዓመት የዘጋው በቨርጂኒያ 109 ለ66 ተቀጥቅጦ ነው። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ ጎረቤቱ ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአገሪቱን ዋንጫ አነሳ። የዚያ ቡድን አሰልጣኝ ጂም ቫልቫኖ የተቀጠረው ከኮች ኬ ጋር በአንድ ዓመት ነበር። እስቲ በዚያ ሰሞን የዱክ ደጋፊ ሁኑ!

የዱክ የስፖርት ዳይሬክተር ቶም በተርስ ግን ኮች ኬን አላሰናበተውም። ጭራሽ በ1984 መጀመሪያ ላይ ውሉን አራዘመለት። በተርስ ነቢይ አልነበረም። ሜዳ ላይ እየተሸነፉ ያሉት እነማን እንደሆኑ ግን ዓይን ላለው ሰው ይታይ ነበር። ጆኒ ዶውኪንስ፣ ማርክ አላሪ፣ ጄይ ቢላስ፤ ሁሉም ያኔ ፍሬሽማን ነበሩ። እነዚሁ ልጆች በ1986፣ በአራተኛ ዓመታቸው፣ 37 ጨዋታ አሸንፈው ለፍጻሜ ደረሱ። ዋንጫውን ሉዊቪል 72 ለ69 ነጠቃቸው እንጂ። ኮች ኬ በኋላ አምስት ዋንጫ ወስዶ በ2022 ጡረታ ወጣ።

እዚያው አጠገብ፣ ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ በ1965 የተናደዱ ተማሪዎች የአሰልጣኛቸውን የዲን ስሚዝን ምስል ሠርተው፣ እሱን እንደመስቀል አድርገው ሰቅለውት ነበር። ከሽንፈት ሲመለሱ ተጫዋቹ ቢሊ ከኒንግሃም ከአውቶቡስ ወርዶ ገነጠለው። በ1986 ያው ግቢ አዲሱን አዳራሽ በአሰልጣኙ ስም ጠራው።

እነዚህ ታሪኮች ደስ ይላሉ። እኔንም ያሳሳቱኝ እነሱ ናቸው። ሦስት ዓመት ተሸንፎ አራተኛውንም የተሸነፈ አሰልጣኝ ታሪክ ማን ያወራል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን። ይሄዳል። ግን ውስጡ ጫጩት ሲኖር ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ የፓትሪክ ኢዊንግን ነገር ታውቁታላችሁ። በ1984 ተጫዋች ሆኖ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲን ለዋንጫ ያበቃ የቤት ልጅ ነው። በ2017 አሰልጣኝ ሆኖ ተመለሰ። በ2021 ማንም ሳይጠብቀው የኮንፈረንሱን (ኮሌጁ ያለበትን ምድብ) ውድድር አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት 6 አሸንፎ 25 ተሸነፈ፤ በኮንፈረንሱ ካደረጋቸው 19 ጨዋታዎች አንዱንም አላሸነፈም። ሆኖም አንድ ዓመት ተጨመረለት፤ 7 አሸንፎ 25 ተሸነፈና በ2023 ተሰናበተ። እኔ እንደሚመስለኝ ያችን ተጨማሪ ዓመት የገዛችለት የ2021 የማርች አንድ ሳምንት ናት። የቤት ልጅን ደግሞ ማን ደፍሮ ያስወጣል?

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በኛ ኮሌጅ አንድ አሰልጣኝ ነበር። ልቡ ንጹሕ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ሲያርፍ ቤቴ መጥቶ ለቅሶ የደረሰ የመጀመሪያው ፈረንጅ እሱ ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከእናቶች ጋር ተቀመጠ። በአራተኛው ዓመት ቡድኑ 9 ጨዋታ ብቻ አሸነፈ። ዳይሬክተሩ ቢሮዬ መጥቶ «ብናሰናብተው ካሳው ስንት ይደርሳል?» አለኝ። ቁጥሩን ነገርኩት። ሳልጠየቅ ደግሞ «አንድ ዓመት ብትጨምሩለት ምናለ?» አልኩ። የኮች ኬን ታሪክ ሳይቀር ተረኩለት።

በነገራችን ላይ፣ አንድ ኮሌጅ ስለ ትዕግሥት ረጅም መግለጫ ሲያወጣ ካሳውን አስሉት። ብዙ ጊዜ ትዕግሥቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ያላየሁት ምን ነበር? አየሁት እንጂ፤ አልቆጠርኩትም። ቢሮዬ ከልምምድ ሜዳው በላይ ነበር። በመስኮቱ አንድ ረጅም ልጅ የቅጣት ውርወራ ሲለማመድ አያለሁ። ፍሬሽማን ሆኖ ሲመጣ ክርኑ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር፤ ኳሱ ሁልጊዜ የቀለበቱን ግራ ይመታል። ሦስተኛ ዓመት ደረሰ። ክርኑ አሁንም ወደ ውጭ እንደወጣ ነው፤ ኳሱም ግራውን ይመታል። አሰልጣኙ ከዳር ሆኖ «ትኩረት! ትኩረት!» ይላል። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሄዶ የልጁን ክርን በእጁ ሲይዝ አላየሁም። የኔ ቢጤ የሒሳብ ሰው እንኳ ያየው ነገር ነበር።

አምስተኛው ዓመት ከአራተኛው ባሰ። በመካከሉ ሦስት ልጆች ለቀቁ። ያ ረጅም ልጅ የመጨረሻ ዓመቱን ባዶ መቀመጫ ፊት ተጫውቶ ተመረቀ። እኔ ለአሰልጣኙ ያዘንኩትን ያህል ለእሱ አላዘንኩም ነበር። የአራት ዓመት ዕድሉ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነበረች።

ታዲያ አሁን ለምን ሦስት እላለሁ? ዘመኑ ተቀየረ። ከ2021 ወዲህ ተጫዋች አንድ ዓመት ከጨዋታ ውጭ ሳይቀመጥ ኮሌጅ መቀየር ይችላል። በዚያው ዓመት በስሙ ገንዘብ መሥራትም ተፈቀደለት። አሁንማ ኮሌጁ ራሱ ይከፍለዋል። ሉዊቪልን እዩ። ኬኒ ፔይን፣ በ1986 ዱክን ካሸነፈው ቡድን ውስጥ የነበረ ሌላ የቤት ልጅ፣ በሁለት ዓመት 12 አሸንፎ 52 ተሸነፈና ተሰናበተ። ተተኪው ፓት ኬልሲ ከሞላ ጎደል አዲስ ቡድን ሰብስቦ በመጀመሪያ ዓመቱ 27 አሸነፈ። ይህን ካየ በኋላ «ልጆቼ ገና ጥሬ ናቸው» የሚል አሰልጣኝ ብዙ ሰሚ አያገኝም። ሆኖም ሁለት ዓመት ያንሳል ባይ ነኝ። የመጀመሪያው ዓመት ዕቃ ማውረጃ ነው።

ለእህቴ ልጅ ያልኩት ይሄንን ነው። ነጥቡን ተወውና ባለፈው ዓመት የነበሩትን ልጆች ተመልከት። ስንቶቹ ቀሩ? የቀሩት አምና የማይችሉትን ዘንድሮ ይችላሉ? ከቻሉ ሰባት ሽንፈት ምንም አይደለም፤ ቻለው። ካልቻሉ ግን ሰውየው ሰባት ቢያሸንፍም አትሸወድ። የመለያያውም ቀን በደህናው ጊዜ ይቆረጥ። በሽንፈት ማታ ማንም ሰው ደህና ውሳኔ አይወስንም፤ እኔም ለቅሶ የደረሰልኝን ሰው እያሰብኩ ደህና ምክር አልሰጠሁም። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተና «ሁለቱ ምርጦቹ ለቀዋል እኮ ጋሼ» አለኝ። ዝም አልኩ።

ያ የኛ አሰልጣኝ አሁን የሃይስኩል ልጆች ያስተምራል። ሒሳብ ነው የሚያስተምረው፤ ኳስ በትርፍ ሰዓቱ ነው። በየገናው ይደውልልኛል። በራሳቸው ገና ይደውልና ደግሞ በኛ ገና ይደግመዋል። አምና «ያቺን አምስተኛ ዓመት ለምን ሰጣችሁኝ?» አለኝ እየሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የኔ እጅ እንዳለበት እስካሁን አልነገርኩትም።