መልስ፦ የቨርጂኒያ ማጥቃት ለምን ይዘጋ ነበር?

ወንድሜ፣ አሠልጣኝ ቶኒ ቤኔት ይመራው የነበረው የአሜሪካው ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን ኳስ ሲቀባበል ቆይቶ መጨረሻ ላይ ለምን ይጨነቅ እንደነበር ጠይቀሃል።

አጨዋወቱ ሦስት ሯጭና ሁለት ስክሪን የሚሠሩ (ቆመው ተከላካይን በማገድ ለጓደኛቸው መንገድ የሚከፍቱ) ተጫዋቾች አሉት። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ረጃጅሞቹ ናቸው፤ በቁመናቸው ተከላካዩን ያግዳሉ። ሯጩ ደግሞ ጠባቂውን ያነባል። ከኋላው ከተከተለው ታጥፎ ወደ ቅርጫቱ ይገባል። ጠባቂው አቋርጦ ሊቀድመው ከሞከረ ወደ ውጭ ሸሽቶ ሦስት ነጥብ ይሞክራል። ሲሠራ በጣም ያምራል!

ችግሩ ረጃጅሞቹ ከሩቅ የማይወረውሩ ሲሆኑ ነው። ጠባቂዎቻቸው ትተዋቸው ቅርጫቱ ሥር ይከማቻሉ። ለአንድ ማጥቃት የተፈቀደው 30 ሴኮንድ ያልቅና የጭንቅ ውርወራ ይሆናል። ከተመሩ ደግሞ በዚያ ዝግታ ማን ይደርሳል? እ.ኤ.አ. በ2018 በኮሌጆች ብሔራዊ ውድድር ዩኤምቢሲ በተባለ ዩኒቨርሲቲ 74 ለ 54 ተሸነፉ፤ በወንዶች ውድድር 1ኛ ደረጃ የተሰጠው ቡድን በ16ኛው ሲረታ የመጀመሪያው ነው።

በቀጣዩ ዓመት ኳስ ለያዘው ተጫዋች የሚሠራ ስክሪን አበዙ። ተጫዋቹ ታይ ጀሮም እያነበበ ያከፋፍል ጀመር። በ2019 ቴክሳስ ቴክን በተጨማሪ ሰዓት 85 ለ 77 አሸንፈው ዋንጫ በሉ።

እኔ ብሆን ሥርዓቱን አልጥለውም። ከሁለቱ አንዱን ሦስት ነጥብ የሚያገባ አደርገዋለሁ። ሰዓቱ 15 ሴኮንድ ላይ ደርሶ ምንም ካልተከፈተ፣ ቀጥታ ወደ ኳስ ስክሪኑ።