ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት የፈረሙት ኑዛዜ ይጸናል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 64 ነው፤ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ጉለሌ ውስጥ፣ ከጋብቻዬ በፊት ከአባቴ በወረስኩት ቤት ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 27 ዓመት ሆኖናል፤ ሁለት ልጆች ወልደናል፤ ታናሹ 16 ዓመቱ ነው። ከጋብቻዬ በፊት የወለድኳት፣ አሁን የአሜሪካ ዜጋ ሆና በሜሪላንድ የምትኖር ሴት ልጅም አለችኝ። በግቢያችን ውስጥ በጋራ ገንዘባችን ሦስት ሰርቪስ ቤቶች ሠርተናል። በባለቤቴ ስም የተመዘገበ ኮንዶሚኒየም፣ በእኔ ስም ደግሞ የባንክ ቁጠባና አክሲዮን አለ። በ2009 ዓ.ም. «ከሁለታችን አንዳችን ብንሞት በሕይወት የቀረው ሁሉንም ይውረስ» የሚል ኑዛዜ በኮምፒዩተር አስጽፈን፣ ሁለታችንም ፈርመን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጠናል። ለወንድሜም ሙሉ ውክልና ሰጥቻለሁ። ይህ ይበቃናል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ በቁም ሳጥንዎ ውስጥ ያለው ወረቀት አይበቃም። ዛሬ በእርስዎ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ፣ ሊጠብቁላት ያሰቧት ባለቤትዎ በዚያ ሰነድ ምንም ዓይነት መብት አታገኝም። ይህን ሳልሸፋፍን የምጽፍልዎ፣ ጉድለቱ በሕይወት ሳሉ በጥቂት ቀናት ሥራ የሚታረም ሆኖ ሳለ ከሞት በኋላ ግን ማንም ሊያቃናው ስለማይችል ነው።

ከወረቀቱ እንጀምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜን የተናዛዡ ብቻ የሆነ ተግባር አድርጎ ስለሚመለከተው፣ በቁጥር 858 ብዙ ሰዎች በአንድ ሰነድ ላይ ያደረጉት ኑዛዜ ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል፤ ተናዛዦቹ ባልና ሚስት መሆናቸውም ይህንን አይለውጠውም። ሰነዱን ለማፍረስ ይህ አንዱ ምክንያት ብቻውን በቂ ነው። ለየብቻ አስጽፋችሁት ቢሆን ኖሮም የሚጸና አይመስለኝም፤ በምስክሮች ፊት ስላልተነበበ በግልጽ የተደረገ ኑዛዜ አይሆንም፤ ሌላ ሰው በኮምፒዩተር የጻፈው በመሆኑም በተናዛዡ ጽሑፍ የተደረገ ኑዛዜ ሊባል አይችልም። ይህ ሁለተኛው ዓይነት ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይም ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። ይህን ሁሉ አሟልቶ እንኳ በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ በቁጥር 903 መሠረት ቀሪ ይሆናል። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ሰባቱ ዓመት አልፏል።

አንዳንድ ሰው «ጊዜው ሲደርስ በአልጋዬ ላይ ሆኜ ለነፍስ አባቴና ለሽማግሌዎች እናገራለሁ» ብሎ ይተማመናል። በቃል የሚደረግ ኑዛዜ በሕጋችን አለ፤ ነገር ግን ሁለት ምስክሮች ያስፈልጉታል፣ የሚያገለግለውም ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች አስተዳደርና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ላልበለጡ ስጦታዎች ብቻ ነው፤ ተናዛዡ ተሽሎት ሦስት ወር ከቆየም ይቀራል። ቤትን ያህል ነገር በቃል ማውረስ አይቻልም።

እንግዲህ ኑዛዜ የለም ብለን ብንነሳ ምን ይሆናል? ብዙ ጊዜ ቤተሰብን የሚያስደነግጠው እዚህ ላይ ነው። በሕጋችን ባል ወይም ሚስት ያለኑዛዜ ወራሽ አይደሉም። በቁጥር 842 መሠረት በመጀመሪያ ደረጃ የሚወርሱት የሟች ልጆች ናቸው፤ ድርሻቸውም እኩል ነው። በጋብቻ ውስጥ የተወለደ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደና በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ በሕግ ፊት ልዩነት የላቸውም፤ በመሆኑም በሜሪላንድ ያለችው ልጅዎ ከሁለቱ ወንድምና እህቶቿ ጋር አንድ ዓይነት ድርሻ አላት። ባለቤትዎ የምታገኘው በወራሽነት ሳይሆን በጋብቻው ንብረት ክፍፍል ነው፤ ይኸውም የጋራ ሀብቱን ግማሽ።

የጋራ ሀብቱ የትኛው እንደሆነ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይወስናል። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ እንዲሁም በጋብቻ ጊዜ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዱ የደረሰ ንብረት የግል ነው፤ ሌላው ሁሉ፣ በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ በባለቤትዎ ስም ያለው ኮንዶሚኒየም ግማሹ የእርስዎ ነው፤ በእርስዎ ስም ያለው ቁጠባና አክሲዮንም ግማሹ የእርሷ ነው። የጉለሌው ቤት ግን የአባትዎ ውርስ በመሆኑ የግልዎ ነው። ባለቤትዎ 27 ዓመት የኖረችበት፣ ልጆቿን ያሳደገችበት ቤት በእርስዎ ሞት ወደ ሦስቱ ልጆች ያልፋል፤ እርሷ ልትጠይቅ የምትችለው በሰርቪስ ቤቶቹ ላይ የወጣውን የጋራ ገንዘብ ነው።

ለመረዳት እንዲያመች ግምት ወስደን እንመልከተው፤ ቤቱ 12 ሚሊዮን፣ ኮንዶሚኒየሙ 5 ሚሊዮን፣ ቁጠባው 800 ሺህ፣ አክሲዮኑ 400 ሺህ ብር ያወጣል እንበል። የሰርቪስ ቤቶቹን ወጪ ለጊዜው ብንተወው የጋራው ሀብት 6.2 ሚሊዮን ስለሚሆን ባለቤትዎ 3.1 ሚሊዮን ትወስዳለች። የእርስዎ ውርስ ደግሞ ቤቱና የቀረው 3.1 ሚሊዮን፣ በድምሩ 15.1 ሚሊዮን ብር ሆኖ ለእያንዳንዱ ልጅ 5 ሚሊዮን ያህል ይደርሰዋል። ልጆቹ ካልተስማሙ ቤቱ ተሽጦ ሊከፋፈል ይችላል፤ ባለቤትዎም ትለቃለች።

ስለዚህ የምመክረው እርስዎና ባለቤትዎ ሁለት የተለያዩ፣ በግልጽ የሚደረጉ ኑዛዜዎች በተለያየ ሰነድ እንድታዘጋጁ ነው። በቁጥር 881 መሠረት ይህ ኑዛዜ በተናዛዡ ወይም ተናዛዡ እየነገረው በሌላ ሰው ሊጻፍ ይችላል፤ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡና የተደረገበት ቀን በራሱ በሰነዱ ውስጥ መጻፍ፣ ተናዛዡና ምስክሮቹም እዚያው ወዲያውኑ መፈረም አለባቸው። «በፊታችን ተነበበ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ትንሽ ቢመስልም፣ እርሱ በመቅረቱ ብቻ የሟች ፈቃድ እንዳለ የሚፈርስበት ጊዜ ስላለ፣ ረቂቁን ሲያዩ በመጀመሪያ እርሱን ይፈልጉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ሲሆን ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ፤ በአዲስ አበባ ሕዝቡ ዛሬም «ውልና ማስረጃ» በሚለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ዘንድ መፈጸም ከሁሉ የተሻለ ነው። ከኑዛዜው ጥቅም የሚያገኝ ሰው ምስክር እንዲሆን አልመክርም። ቀድሞ የነበረው ሰነድ መሻሩም በአዲሱ ውስጥ ይገለጽ።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ ቤቱን ለልጆቹ አውርሰው ለእርሷ በሕይወት ዘመኗ የምትኖርበትንና ኪራዩን የምትሰበስብበትን የአላባ መብት በኑዛዜ መስጠት ይችላሉ፤ ይህ መብት ከእርሷ ሞት አያልፍም፣ የልጆቹም ባለቤትነት አይነካም። በእኔ እምነት ለእንደ እርስዎ ዓይነት ቤተሰብ፣ በተለይም ከልጆቹ አንዷ የእርሷ ስላልሆነች፣ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ የለም። የሕይወት መድን ቢገቡና ተጠቃሚዋ እርሷ መሆኗን ቢገልጹ ደግሞ ገንዘቡ ከውርሱ ውጭ ሆኖ በቀጥታ ይደርሳታል። የጡረታ አበሉም የውርሱ አካል አይደለም፤ ለተተኪዎች የሚከፈለው በጡረታ ሕጉ መሠረት ስለሆነ በኑዛዜዎ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም።

«ቤቱን ዛሬውኑ በስጦታ ባስተላልፍላትስ?» የሚል ሐሳብ ሊመጣብዎ ይችላል። አያስቸኩልዎት። በቤተሰብ ሕጉ በጋብቻ ጊዜ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታም እንደ ግልጽ ኑዛዜ ባለ ፎርም መደረግ አለበት። በዚህ ላይ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ነባር ይዞታ፣ ማለትም ያለ ሊዝ የተያዘ የከተማ ቦታ፣ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥሪት (በውልና በክፍያ ወደሚያዝ ይዞታ) እንዲገባ ያደረገ በመሆኑ፣ ከክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሳይጠይቁ ምንም አይፈርሙ።

ልጆቹን በተመለከተ ዕቃ ለይተው መስጠት ይችላሉ፤ ለአንዱ ኮንዶሚኒየም፣ ለሌላው አክሲዮን እያሉ። ሆኖም አንድ ልጅ ሊደርሰው ከሚገባው ድርሻ ከአንድ አራተኛ በላይ ከተጎዳ ክፍፍሉ እንዲስተካከል በፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል፤ ከላይ ባለው ግምት ከ3,775,000 ብር በታች የደረሰው ልጅ ይህ በር ይከፈትለታል ማለት ነው። የአላባ መብቱም የልጆቹን ድርሻ ዋጋ ስለሚቀንስ ክፍፍሉ ሲታሰብ አብሮ ይሰላ። ልጅን ከውርስ መንቀል የሚቻለው በግልጽ ተጽፎ፣ ምክንያቱም በኑዛዜው ውስጥ ተነግሮ ሲሆን ነው፤ ስሙን በዝምታ በማለፍ ብቻ ልጅ አይነቀልም። በ2009ኙ ወረቀት ላይ የሜሪላንዷ ልጅዎ ስም አለመኖሩን ደብዳቤዎ ባይናገርም ከአጻጻፉ ጠርጥሬአለሁ፤ በአዲሱ ውስጥ በስሟ ትጻፍ። የውጭ ዜግነቷ ልጅነቷን አይነካውም፤ ነገር ግን በቤቱ ላይ ያላትን ድርሻ ያለ ችግር በስሟ እንድትይዝ በ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 270 የተፈቀደውን የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርዱን፣ ካላወጣች ከአሁኑ ታውጣ።

ለወንድምዎ የሰጡት ውክልና እርስዎ በሞቱ ጊዜ ይቋረጣል። በዚያ ሰነድ ከሞት በኋላ ገንዘብ ማውጣት ወይም ቤት መሸጥ ሕገወጥ ከመሆኑም በላይ ወንድምዎን ከልጆችዎ ጋር በፍርድ ቤት ሊያቆመው ይችላል። ይህን ዛሬ ይንገሩት። ባንኩ ሞትዎን ሲያውቅ ሂሳቡን ስለሚያግድ ቤተሰቡ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት እስኪያወጣ ድረስ ጥቂት ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ስለዚህ የዕለት ወጪ የሚሸፈንበት ገንዘብ በባለቤትዎ ስም ባለ ሂሳብም ይቀመጥ። በኑዛዜው ውስጥም ውርስ አጣሪ፣ ማለትም ዕዳውን ከፍሎ ንብረቱን ለወራሾች የሚያስረክብ፣ ሁሉም ልጆች የሚያከብሩት ሰው ይሰይሙ። ታናሹ ልጅዎ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ደግሞ ሁለታችሁም ብታልፉ አሳዳሪው ማን እንደሚሆን በየኑዛዜያችሁ ጻፉ።

ወደ ባለሙያ ከመሄድዎ በፊት ግን በዚህ ሳምንት አንድ ሥራ ይሥሩልኝ። ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጣችሁ ሰርቪስ ቤቶቹ መቼ፣ በስንት ብርና ከማን ገንዘብ እንደተሠሩ ጻፉ፤ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ደረሰኝ፣ የአናጢ የክፍያ ወረቀት ካለ አያይዙበት፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ይህ ወረቀት ኑዛዜ ስላልሆነ የሁለታችሁ ፊርማ አያፈርሰውም፤ ያን ወጪ በትክክል የምታውቁት ደግሞ እናንተ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ።