ቤዙ ይጮኻል እንጂ አይመታም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው አዳማ ነው። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ተዋጥተን ያገለገለ ባለ 12 ኢንች የመኪና ሰብዉፈር (የቤዝ ስፒከር) ገዛን። ሳጥን አልነበረውም። አንዱ ጓደኛችን አናጺ ስለሆነ ከሥራ በተረፈ ቺፕውድ ሳጥን ሠራልን፣ ከፊት ለፊቱም ሱቅ የሚሸጡት ላይ እንደምናየው ክብ ቀዳዳ አወጣንለት። አሁን ድምፁን ከፍ ስናደርግ ሳጥኑ ራሱ ይንጫጫል። ቤዙም ሁሌ ያው "ቡም ቡም" ነው፣ ቤዝ ጊታሩን ከከበሮው መለየት አልቻልንም። የተበላሸው ስፒከሩ ነው ወይስ ሳጥኑ? ሌላ ስፒከር ለመግዛት እንደገና ልናዋጣ ነው፣ ከዚያ በፊት እንጠይቅ ብለን ነው።

መልስ፦ ገንዘባችሁን ያዙ፣ ሌላ ስፒከር አትግዙ። ስፒከሩ መጎዳት አለመጎዳቱን ለማወቅ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ሁሉን ነገር አጥፉና ኮኑን (የሚንቀሳቀሰውን የስፒከሩን ክብ ገጽ) ግራና ቀኝ በጣቶቻችሁ እኩል ተጭናችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። ያለ ድምፅ ገብቶ ያለ ድምፅ ከተመለሰ ደህና ነው። የሚፍቅ ድምፅ ካሰማ ኮይሉ (ከኮኑ ኋላ ያለው የሽቦ ጥቅልል) እየተፋተገ ነው፣ ያኔ ጉዳዩ ሌላ ነው። ከነገራችሁኝ ግን እኔ የምጠረጥረው ሳጥኑን ነው፣ በተለይ ያን ቀዳዳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮኑ ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለውን አየር ይጨምቃል፣ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ያለውን ያሳሳል። እነዚህ ሁለት ተቃራኒ ሞገዶች ከተገናኙ ይጠፋፋሉ። ስፒከሩን ያለ ሳጥን ወለል ላይ አስቀምጣችሁ ብታጫውቱት ቤዝ የማይኖረው ለዚህ ነው። ስለዚህ የሳጥኑ የመጀመሪያ ሥራ የኋላውን ድምፅ ከፊተኛው መለየት ነው። ሁለተኛውን ሥራ ግን ብዙ ሰው አያስበውም፦ ውስጥ የታፈነው አየር ለኮኑ ስፕሪንግ ይሆነዋል። ሳጥኑ ሲጠብ ስፕሪንጉ ይጠጥራል፣ ሲሰፋ ይላላል። አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቸር እ.ኤ.አ. በ1954 ለገበያ ያቀረበው ዝግ ሳጥን በዚሁ የአየር ስፕሪንግ የሚሠራ ነበር፣ ከትንሽ ሳጥንም ጥልቅ ቤዝ እንደሚወጣ ያሳየው እሱ ነው። የሳጥን ስፋት በዓይን ግምት አይሠራም የምላችሁ ለዚህ ነው። ለአንዱ 12 ኢንች የተስማማ ሳጥን ለሌላው 12 ኢንች ላይስማማ ይችላል።

አሁን ወደ ቀዳዳችሁ። የጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ስትሉ "ሁ" ይላል አይደል? ጠርሙሱ ሲሰፋ ወይም አንገቱ ሲረዝም ድምፁ ይወፍራል። የሳጥን ቀዳዳም እንደዚያው ነው፣ አንገት ያስፈልገዋል። ሱቅ ያያችሁት ሳጥን ላይ ከቀዳዳው ኋላ ቱቦ አለ፣ ያላያችሁት ከውጭ ስለማይታይ ነው። የእናንተ ሳጥን 40 ሊትር ገደማ ቢሆንና ቀዳዳው 10 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ አንገቱ የጣውላው ውፍረት ብቻ ስለሆነ ወደ 80 ሄርዝ (በሰከንድ 80 ንዝረት) አካባቢ ይዘፍናል። ያ ሁሌ አንድ ዓይነት የሆነባችሁ "ቡም" እሱ ነው። የትኛውም ዘፈን ይምጣ፣ ሳጥኑ የራሱን ኖታ ይጨምርበታል። ከዚያ በታች ላለው ጥልቅ ቤዝ ደግሞ ኮኑን የሚይዘው አየር የለም፣ ዝም ብሎ ይወዛወዛል፣ ድምፁ ከፍ ሲል ስፒከሩን ሊገድለውም ይችላል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ። ከዚያው ቺፕውድ ክብ ቆርጣችሁ ቀዳዳውን ድፈኑት፣ በእንጨት ኮላ ለጥፉና ዳር ዳሩን ሲሊኮን ቀቡት፣ አድሮ ይድረቅ። ነገ ያንኑ ዘፈን ስሙት። ድምፁ ትንሽ የቀነሰ ይመስላችኋል፣ ቤዝ ጊታሩን ግን ትሰሙታላችሁ።

ከዚያ ልቡ ያላችሁ ከሆነ አዲስ ሳጥን ሥሩ፣ እኔ የምመክረው ዝግ ሳጥን ነው። ባለ ቱቦው በትክክል ከተሠራ ይበልጥ ይጮኻል፣ ነገር ግን ለስህተት ምሕረት የለውም። ዝጉ ይቅር ባይ ነው። የስፒከሩን ሞዴል ከማግኔቱ ኋላ አንብቡና ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት። የምትፈልጉት ኪው ቲ ኤስ (Qts) እና ቪ ኤ ኤስ (Vas) የሚባሉትን ሁለት ቁጥሮች ነው። የመጀመሪያው ስፒከሩ የራሱን ውዝዋዜ ምን ያህል እንደሚገታ ይናገራል፣ ሁለተኛው የኮኑን ማንጠልጠያ ያህል የሚለጠጥ አየር ስንት ሊትር እንደሆነ። አውስትራሊያ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ኔቪል ቲል እና ሪቻርድ ስሞል ሳጥንን በግምት ሳይሆን በቁጥር መሥራት እንዲቻል ያደረጉት በእነዚህ ነው። ለምሳሌ ኪው ቲ ኤስ 0.45፣ ቪ ኤ ኤስ 60 ሊትር ነው እንበል። 0.707ን (ለዝግ ሳጥን ሚዛኑን የጠበቀ ቤዝ የሚሰጠውን ቁጥር) ለ0.45 ስታካፍሉ 1.57 ይመጣል። ራሱን በራሱ አባዙት፣ 2.47። አንድ ቀንሱ፣ 1.47። በመጨረሻ 60ን ለ1.47 አካፍሉ፣ 41 ሊትር ገደማ ይሆናል። በቃ፣ ሳጥናችሁ እሱ ነው። ቁጥሮቹን ጭራሽ ካጣችሁ ለ12 ኢንች የመኪና ሰብዉፈር ከ30 እስከ 40 ሊትር ዝግ ሳጥን ብዙውን ጊዜ አያሳፍርም።

41 ሊትር ለማግኘት ውስጡ 36 በ36፣ ጥልቀቱ 34 ሳንቲሜትር ይሁን። ይህ 44 ሊትር ነው፣ ሦስቱን ሊትር የስፒከሩ ገላና የውስጥ ማጠናከሪያው ይበሉታል። ልኩ የውስጥ መሆኑን አትርሱ! ባለ 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (ከደቃቅ የእንጨት ጭረት ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ከሆነ የፊትና የኋላው ገጽ 39.6 በ39.6፣ የላይና የታቹ 39.6 በ34፣ ጎንና ጎኑ 36 በ34 ይቆረጣል። አንድ ሙሉ ኤምዲኤፍ 122 በ244 ሳንቲሜትር ስለሆነ ከሁለት ሳጥን በላይ ያወጣል፣ ሌላ ሰብዉፈር ያለው ጓደኛ ካላችሁ ተካፈሉት። ቆረጣውን እዚያው እንጨት ቤት በማሽን አስቆርጡ። በእጅ መጋዝ ቀጥ ያለ ጠርዝ ማውጣት ከባድ ነው፣ ያልገጠመ ጠርዝ ደግሞ አየር ያስወጣል።

አናጺ ጓደኛችሁን አትውቀሱት። እሱ የለመደው ቁም ሳጥን ነው፣ ቁም ሳጥን አየር ቢያስገባ ማንም አይከፋም። ይኼኛው ግን እንደ ጀሪካን መሆን አለበት። ይህን ብቻ ንገሩትና እጁ ላይ ጣሉት፣ ከእናንተ ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው።

የጓደኛ ጥቅም በጣም የሚታየው ኮላው ላይ ነው። እኔ የመጀመሪያ ሳጥኔን የሠራሁት በአንድ ጓደኛዬ ቤተሰቦች ግቢ አራት ሆነን ነው። ሁላችንም ያንኑ ማታ ለመስማት ቸኩለን ነበር፣ ኮላው ሳይደርቅ ስፒከሩን አሰርን። በሳምንቱ አንዱ ማዕዘን ተከፈተ። ለሁለተኛው ሞርሳ መግዣ አልነበረንም፣ ከጎሚስታ የተጣለ ከመነዳሪ ለምነን እንደ ቀበቶ ቆራረጥነው። ሁለታችን ሳጥኑን አራት ማዕዘኑ እንዳይዛነፍ ስንይዝ ሁለቱ ከመነዳሪውን እየሳቡ ጠቀለሉት። አንድ ሙሉ ቀን አሰርነው። ያ ሳጥን እስከ ዛሬ ይሠራል። አንድ ሰው ብቻውን ይህን ማድረግ አይችልም፣ እጅ አይበቃውም። ኮላው ሲደርቅ የውስጡን ማዕዘን ሁሉ ሲሊኮን አልብሱት። ከግራ ጎን ወደ ቀኝ ጎን አንድ ዱላ እንጨት ወጥሩበት፣ ጎኖቹ አይንቀጠቀጡም። የትራስ ፋይበር ላላ አድርጋችሁ ሙሉት።

መዝጋቱን የምታረጋግጡት በሰንደል ነው። አንድ ሰው ከስልክ 30 ሄርዝ ድምፅ በሰብዉፈሩ ዝቅ አድርጎ ያጫውት፣ ሌላው የሚጨስ ሰንደል በየመጋጠሚያው ቀስ ብሎ ያስኪድ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው። የሆነ ቦታ ከተርገበገበ እዚያ ቀዳዳ አለ፣ ሲሊኮን ጨምሩበት።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ስፒከሩ ሁለት ባለ 4 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ኮይል ካለው፣ ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ነጋቲቭን ከነጋቲቭ ስታገናኙ 2 ኦም ይሆናል፣ አንዱን ከሌላው ጋር በተርታ ስትቀጥሉ ደግሞ 8። አምፕሊፋየራችሁ ላይ "ከ4 ኦም በታች አይሆንም" የሚል ከሆነ ባለ 2 ኦሙን አትሞክሩት፣ ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ ልጄና ጓደኞቹ ኮንዶሚኒየም ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ሳጥን እየሠሩ ነው። ሥራ ይዘው ቤት መዋላቸው ደስ ይለኛል። ብናኙ ግን ያስለኛል፣ ሲጨርሱ ደግሞ ከጎረቤት ጋር ያጣሉናል ብዬ ፈራሁ። ልከልክላቸው?

መልስ፦ አይከልክሏቸው እናቴ። ብናኙን ግን ዛሬውኑ ከቤት ያስወጡት። ኤምዲኤፍ የተሠራበት ማጣበቂያ ፎርማልዲሃይድ አለበት፣ ብናኙም በጣም ደቃቅ ስለሆነ ሳንባ ድረስ ይገባል። መቁረጡንና በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሱን ግቢ ወርደው፣ ማስክ አድርገው ይሥሩት። ቤት ውስጥ መገጣጠም ብቻ።

የጎረቤቱ ስጋትዎ እውነት ነው። 40 ሄርዝ የሚባለው ቤዝ አንዱ ሞገድ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ የብሎኬት ግድግዳ አያቆመውም። ልጆቹ የእንቁላል ካርቶን ግድግዳው ላይ እንለጥፍ ካሉዎት ለቤዝ ምንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ሳጥኑን ከግድግዳና ከማዕዘን ማራቅ ነው፣ ማዕዘን ቤዝን ያጎላል። ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ወይም የጎማ ቁራጭ ይደረግ፣ ወለሉ እንዳይንቀጠቀጥ። ከሁሉ የሚሻለው ግን እርስዎ ታች ካለው ጎረቤት ቤት ቡና ለመጠጣት ሲወርዱ ልጁ እያጫወተ እንዲቆይ ነው። እዚያ ሆነው እሱን በስልክ "ቀንስ፣ ቀንስ፣ እዚህ ላይ ተው" ይበሉት፣ ጎረቤቷም ትስማ። የድምፅ መጨመሪያው የቆመበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርግበት።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። ጎንደር ላለው ወንድሜ በሰው ሻንጣ ሰብዉፈር ልልክለት ነው። ከነሳጥኑና ከነአምፕሊፋየሩ የሆነውን ልግዛ?

መልስ፦ ስፒከሩን ብቻ ላክለት። ከላይ የጻፍኩት ዓይነት ባዶ ሳጥን ብቻውን 11 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ የ23 ኪሎ ሻንጣን ግማሽ ይበላል። አብሮ የተገጠመ አምፕሊፋየር ደግሞ እዚያ ያለው አብዛኛው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፣ ጎንደር 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ባዶ ስፒከር የቮልት ጣጣ የለበትም። ከመላክህ በፊት ኪው ቲ ኤስና ቪ ኤ ኤስ ያለበትን ወረቀት ፎቶ አንስተህ ላክለት፣ እሱና ጓደኞቹ ስፒከሩ እስኪደርስ ሳጥኑን ሠርተው ይጠብቁታል።