ፖምፓውን ተወው፣ መጀመሪያ ዙሩን ቁጠር

አዳማ ላይ ብየዳ ቤት ያለው ወጣት ነው የጻፈልኝ። በትርፍ ሰዓቱ አንዲት ቀላል መኪና ሠርቷል። ሻሲዋ ቱቦላሬ፣ ቦዲዋ ፋይበር ግላስ፣ ሞተሯ ከትንሽ ኤክስካቫተር የወጣ ባለ ሦስት ሲሊንደር ኩቦታ ዲ1105፣ ካምቢዮዋ የድሮ ቮልስ። ባዶዋን 600 ኪሎ ትመዝናለች። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ትበቃታለች ብዬ ነበር የተነሳሁት። አሁን 5 ተኩል እየጠጣች ነው። በስልኬ ስለካት 80 ላይ ትቆማለች፣ ለስላሳ ቁልቁለት ላይ እንኳ ከ82 አታልፍም። ሞተሩ ይጮኻል። ቀላል እንድትሆን ብዬ ባለ 13 ጎማ ነው ያሰርኩላት። አንድ መካኒክ የናፍጣ ፖምፓውን ነካክቶ ‹ጉልበት ጨምሬልሃለሁ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ትለቃለች፣ ትሞቃለችም። ፖምፓውን ልቀይረው?»

አትቀይር። ገንዘብህን ያዝ።

እኔን የያዘችኝ «82» የምትለዋ ቁጥር ናት። ጉልበት ያነሰው ሞተር እንዲህ አንድ ቦታ ላይ ሙጭጭ አይልም። ሜዳ ላይ 80 ካለ ቁልቁለት ላይ 95 ይላል፣ ነፋስ ሲመጣበት 70 ይወርዳል። ያንተዋ ሁሌም እዚያው ናት። ይሄ የጎቨርነር፣ የሞተሩን ዙር የሚገድበው ዕቃ፣ ጠባይ ነው። ያ ሞተር በደቂቃ እስከ 3,000 ዙር እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው። እዚያ ሲደርስ ጎቨርነሩ ናፍጣውን ይይዝበታል።

እስቲ እናስላው። የቮልስ አራተኛ ማርሽ 0.89 ነው። የድሮዎቹ ባለ 1300 ዲፈረንሻል ደግሞ 4.375። ሲባዙ 3.9 ገደማ ይመጣሉ፣ ጎማው አንዴ ሲዞር ሞተሩ 3.9 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። 155/80 ባለ 13 ጎማ በአንድ ዙር 1.78 ሜትር ያህል ይሄዳል። እንግዲህ 80 ላይ ስትነዳ ሞተርህ 2,900 ዙር ላይ ነው ማለት ነው። 3,000 ሲሞላ ፍጥነትህ ስንት ይሆናል? 82።

ግን የእኔን ስሌት አትመን፣ ራስህ ቁጠር። ሞተሩን አጥፋና የናፍጣ ማቋረጫውን ዝግ ቦታ ላይ በሽቦ እሰረው። ናፍጣ ሞተር የእሳት ካንዴላ አይፈልግም፣ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሲገፋ ሊነሳብህ ይችላል። ኮምፕሬሽኑ እንዳያስቸግርህ የማሞቂያ ካንዴላዎቹን ፍታቸው። አራተኛ አስገባ። የሞተሩ ፑሊ ላይና የኋላ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ። ከዚያ አንድ ሰው ቀጥ አድርጎ ቀስ እያለ ይግፋት። ጎማው አንድ ዙር ሲሞላ ፑሊው አራት ሊሞላ ትንሽ ከቀረው ዲፈረንሻልህ 4.375 ነው። ሦስት ተኩል ገደማ ከዞረ ሌላው ዲፈረንሻል፣ 3.875ቱ፣ ነው የተገጠመልህ፣ ግምቴ ፉርሽ ነው፣ መልሰህ ጻፍልኝ። አይመስለኝም ግን።

አሁን የምወዳትን ነገር ላስረዳህ፣ ትንሽ ታገሰኝ።

መኪናህን ሜዳ ላይ በ80 ለመንዳት የሚያስፈልገው ጉልበት በጣም ትንሽ ነው። በክብደቷና በቅርጿ ስገምተው 7 ኪሎዋት ገደማ። ይቺን 7 ኪሎዋት በ2,900 ዙርም፣ በ2,300 ዙርም ልታገኛት ትችላለህ። መንገዱ አያውቅም። ናፍጣው ግን ያውቃል። ምክንያቱም ሞተር እንደ ደላላ ነው። በየዙሩ ኮሚሽኑን ይቆርጣል፣ ሥራው ትልቅ ይሁን ትንሽ ግድ የለውም። ፋሻው ሲሊንደሩን ይፈትጋል፣ ኩሽኔታው ዘይት ያንቦጫርቃል፣ የዘይቱና የውሃው ፖምፓ ይዞራሉ፣ አየር ይሳባል፣ ጭስ ይገፋል። ይሄ ሁሉ የሚከፈለው ካንተ ናፍጣ ነው። በእኔ ግምት ያ ሞተር 2,900 ላይ ራሱን ለማዞር ብቻ 4 ኪሎዋት አካባቢ ይበላል። 2,300 ላይ ከ3 በታች ይወርዳል። ስለዚህ በትንሽ ዙር፣ እያንዳንዱን ዙር በደንብ እያሠራህ ስትነዳው ነው የሚቆጥብልህ። ዲ1105 ትልቁን የመጠምዘዝ ኃይል (ቶርክ) የሚሰጠውም 2,200 ዙር አካባቢ ነው። የሚመቸው እዚያ ነው፣ 2,900 ላይ አይደለም።

ትልልቆቹም የሄዱበት መንገድ ይሄው ነው። ቮልስዋገን በ2002 የሠራትን የሙከራ መኪና አስብ። ክብደቷ 290 ኪሎ፣ ሞተሯ ባለ አንድ ሲሊንደር 300 ሲሲ ናፍጣ። የኩባንያው አለቃ ፈርዲናንድ ፒየሽ ራሱ ከቮልፍስቡርግ ሃምቡርግ ድረስ ነዳት፣ በ100 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር እንኳ አልሞላችም። በኋላ የመጣችው ኤክስኤል1 ደግሞ ባለ ሁለት ሲሊንደር 830 ሲሲ ናት፣ 795 ኪሎ ትመዝናለች፣ ካንተዋ ትከብዳለች። ትንሽ ሞተር፣ በደንብ የሚሠራ ሞተር። አንተም ትንሹን ሞተር መርጠህ ነበር፣ ጎማው አበላሸብህ እንጂ። ባለ 13ቱ ምናልባት ጥቂት ኪሎ ቀንሶልህ ይሆናል። በምትኩ በየኪሎ ሜትሩ ሞተሩን ከ12 በመቶ በላይ ተጨማሪ ያዞረዋል።

ወደዚያ መካኒክ እንምጣ። ፖምፓው አካባቢ በፋብሪካ ሽቦና እርሳስ የታሸገች ቡሎን አለች። ሂድና እያት፣ ሽቦዋ ተቆርጦ ታገኘዋለህ ብዬ እወራረዳለሁ። ያቺ ቡሎን የናፍጣውን መጠን ነው የምትወስነው። ዙሩን አትጨምርም። ስለዚህ 80ህ 80 ሆኖ ቀረና ዳገት ላይ ጭስ አተረፍክ። ደግሞ አየር ገፍቶ የሚያስገባ ቱርቦ የለህም። አዳማ ከባህር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አዲስ አበባ ስትወጣ አየሩ ከባህር ዳርቻው ወደ ሩብ የሚጠጋው ጎድሏል። ኦክስጅን በሌለበት ናፍጣ ብትጨምር ምን ይሆናል? ጭስና ሙቀት። ትሞቃለች ያልከኝም ለዚሁ ነው።

ሌላም አየው። ፖምፓው ከሞተሩ ብሎክ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ወረቀት የመሰሉ ስስ የብረት ሺሞች አሉ። ታይሚንጉ፣ ማለትም ናፍጣው የሚረጭበት ቅጽበት፣ የሚስተካከለው በእነሱ ውፍረት ነው። አንዷ 0.05 ሚሊ ሜትር ብትሆን ግማሽ ዲግሪ ታዛባለች። ስንቱ መካኒክ ሺሞቹን ዘይት መጥረጊያ ጨርቅ ላይ ጥሏቸው በምትካቸው ሲልከን ለቅልቆ እንደሚዘጋ ብነግርህ አታምንም። ጠርዙ ላይ ቀይ ወይም ግራጫ ሲልከን ካየህ ተነክቷል። በዓይንህ እያየህ አታስተካክል፣ ፖምፓ ቤት ውሰደውና ናፍጣውም ታይሚንጉም ወደ ፋብሪካው ልክ ይመለስ።

ስትፈታው ግን አንድ ነገር። ኢንጄክተር (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው አፍ) የሚረጨውን ናፍጣ በጣትህ አትሞክር። እሱ ሞተር ላይ ኢንጄክተሩ የሚከፈተው 140 ባር ገደማ ላይ ነው። ቆዳ በስቶ ይገባል። መጀመሪያ ላይ መርፌ የወጋህ ያህል እንኳ አያምህም፣ ክፋቱም እሱ ነው። ከገባብህ ሳትውል ሳታድር ሆስፒታል ሂድ፣ «ናፍጣ በግፊት ገብቶብኛል» በላቸው።

ቀጥሎ ጎማ። የቮልሱን ባለ 15 ቸርኬ መልሰህ እሰር። ዙሩ 2 ሜትር ገደማ ነው። 80 ላይ ሞተርህ ወደ 2,600 ይወርዳል። የሚፈትን ሥራ የለውም፣ መከላከያው እንዳይፈትገው ብቻ እይ። ያኔ ካልረካህ ዲፈረንሻሉን ወደ 3.875 ቀይረው። ከ1973 ወዲህ የተሠሩ ባለ 1600 ቮልሶች ላይ ይገኛል። ጥርሱን ቁጠር፣ ትንሹ 8፣ ትልቁ 31 መሆን አለበት። ያንተ 8 እና 35 ነው። ሁለቱ ጥርሶች አብረው የተፋተጉ መሆን አለባቸው፣ አንዱን ከዚህ ሌላውን ከዚያ ለቃቅመህ አትግጠም። ብራንድ የሌለውን አዲስ ኮፒ ከምትገዛ ጥርሱ ያልተበላ አሮጌ ኦሪጅናል ይሻልሃል። ኮፒውን ገጥመው ከወር በኋላ እያለቀሰ የመጣ ካምቢዮ በየጊዜው ነው የምፈታው። ብረቱ ሳይሆን ቀለሙ ነው አዲስ።

ሁለቱም ሲሆን 80 ላይ 2,300 ዙር ይሆናል። ዳገት ላይ ግን እንደ በፊቱ በአራተኛ አትውጣ። ከሞጆ ወደ ቢሾፍቱ ስትወጣ ሶስተኛ አስገባ፣ ሞተሩ እስኪንቀጠቀጥ አትጠብቅ። ፍጆታው ወደ 3 ተኩል ይወርዳል ብዬ እገምታለሁ። 3 ብዬ አልዋሽህም፣ ለዚያ ቦዲውን ማሾል፣ ከሥር በላሜራ መሸፈን ይኖርብሃል። ክሪክ ላይ ሳለህ አራቱንም ጎማ በእጅህ አሽከርክር። ፍሬን የሚይዝ ካለ ይሄ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው።

ሁሉንም ባንድ ቀን አታድርግ። መጀመሪያ ፖምፓውን፣ ከዚያ አንድ ታንክ ነድተህ ለካ። ቀጥሎ ጎማውን፣ አሁንም ለካ። ስትለካ ታንኩን እስከ አፉ ሙላ፣ ኪሎ ሜትሩን በስልክህ ያዝ፣ ዳሽቦርዱ ጎማ ሲቀየር ይዋሻል። ፖምፓው ተመልሶ ሲገጠም አየር ለማስወጣት ቱቦዎቹን ስታላላም ጨርቅ ጣል አድርግበት፣ ፊትህን አርቅ፣ ጣትህን አታስጠጋ።