ወተት ያልተስማማው የጎረምሳ ሆድ፦ ጥያቄና መልስ

የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ፤ ኑሮዬ ባሕር ዳር ነው። ስለ ልጆችና ስለ ወተት የጠየቃችሁኝን እነሆ።

ጥያቄ (እናት፣ ሽምብጥ)፦ ልጄ ሕፃን ሳለ ወተት አይጠግብም ነበር። 15 ዓመት ሲሞላው ግን አንድ ብርጭቆ ከጠጣ ሆዱ ይነፋል፣ ይጮኻል። ምን ነካብኝ?

መልስ፦ አይስጉ እናቴ። የወተት ስኳር ላክቶስ ይባላል፤ የሚፈጨው ትንሹ አንጀት በሚያመነጨው ላክቴዝ በተባለ ኢንዛይም ነው። ጡት ከተጣለ በኋላ ላክቴዝ በብዙ ሰው ላይ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እንዲህ ነው። ሳይፈጭ ያለፈውን ስኳር የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ነፋቱ ከጋዙ ነው። አለርጂ አይደለም።

ጥያቄ (ተማሪ፣ 17 ዓመት)፦ እኔን የሚያመኝ ፋሲካ ላይ ብቻ ነው። ለምን?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወደድሁት! በ55ቱ የጾም ቀናት ወተት ስላልገባ ላክቶስ የለመዱት የአንጀትህ ባክቴሪያዎች ይመናመናሉ። በፋሲካ ጠዋት ዶሮ ወጡን አስከትሎ ትልቅ ብርጭቆ ወተት ሲወርድ ሆድህ ቢያምፅ አይፈረድበትም። በግማሽ ስኒ ጀምር፣ ከምግብ ጋር ጠጣ፣ በየቀኑ ጥቂት ጨምር። ላክቶስ የማይፈጭላቸው አብዛኞቹ ሰዎች እንኳ በአንድ ጊዜ 12 ግራም ያህል ላክቶስ፣ ማለትም በአንድ ብርጭቆ ወተት ውስጥ ያለውን፣ ያለ ብዙ ችግር ይችላሉ።

ጥያቄ (ወረታ)፦ የፎገራ ላም ወተት ጥሬው ይስማማል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ላክቶሱ ጥሬም ሆነ የተፈላ ያው ነው። ጥሬው ግን ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ሊያመጣ ይችላል። አፍሉት!

ጥያቄ፦ እርጎና አይብስ?

መልስ፦ እርጎ ይሻላል፤ ባክቴሪያዎቹ ከላክቶሱ ከፊሉን ወደ አሲድ ስለሚለውጡት ነው የሚጎመዝዘው። አይብ ሲወጣ ደግሞ የቀረው ላክቶስ በአብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። አጓቱን እጠጣለሁ ካላችሁ ግን ስኳሩን ተከትላችሁ ሄዳችሁ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ማኪያቶ?

መልስ፦ ወተቱ ትንሽ ነው፤ ብዙዎችን አይጎዳም።

ጥያቄ (አባት፣ ዘጌ)፦ ልጄ ወተት እርግፍ አድርጋ ተወች። ዓሣ ይተካላታል?

መልስ፦ ከ9 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 1,300 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህል ይሰጣል። የጣናው ዓሣ ቀረሶ ጥሩ ፕሮቲን ነው፤ ካልሲየሙ ግን በአጥንቱ ውስጥ ስለሆነ ለድመቷ ይደርሳል። ጎመን፣ ጤፍ እንጀራና እርጎ ይጨምሩላት። ተቅማጥ ይዟት ካልቆመ፣ ደም ካለው ወይም ክብደቷ ከቀነሰ ሐኪም ይያት፤ ጃርዲያ የተባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስም ላክቴዝን ለጊዜው ይቀንሳል፣ እሱ ደግሞ መድኃኒት አለው።