ከመርጨታችሁ በፊት ቅጠሉን ገልብጡ

ልጆቼ፣ በሰበታም በአቃቂም በሱሉልታም ጓሮ አትክልት የጀመራችሁ፣ ጥቅል ጎመናችሁ ተበሳስቶ ስታዩ መድኃኒት ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ትሉ አጠገቡ ያለውን ቆስጣ ትቶ ጎመኑን ለምን መረጠ?

የመረጠችለት እናቱ ናት። የጎመን የእሳት እራት ሲመሽ ጠረን ተከትላ ትመጣለች፤ ቅጠሉ ላይ ካረፈች በኋላ ቀምሳ ታረጋግጣለች። የምትፈልገው ለሰናፍጭና ለጎመን ዘር የሚያቃጥል ጣዕም የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ነው። ተክሉ ያንን የሚያዘጋጀው ራሱን ለመከላከል ነበር፤ ቅጠሉ ሲታኘክ ወደ መርዛማ የሰናፍጭ ዘይት ይለወጣል፣ ብዙ ነፍሳትም ይሸሹታል። የዚህ ትል አንጀት ግን ንጥረ ነገሩን ዘይት ከመሆኑ በፊት የሚያመክን ኢንዛይም አለው። ሌላውን የሚያባርረው ለእሷ መጥሪያ ሆነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ቨርሻፌልት የተባለ ተመራማሪ ለነጭ የጎመን ቢራቢሮ ትሎች የማይነኩትን ቅጠል የጎመን ዘመድ በሆነ ተክል ጭማቂ ቀብቶ ሲሰጣቸው በልተውታል።

ስለዚህ በሳምንት አንዴ ከየቦታው 20 ያህል ተክል ምረጡና ቅጠሉን ገልብጡ። እንቁላሉ ቢጫ ነው፤ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ የቅጠሉን ጅማት ተከትላችሁ ካልፈለጋችሁት አይታይም። ትሉ እንደተፈለፈለ ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ይሰረስራል፣ ኋላ ወጥቶ ከሥር ይግጣል፤ የላዩን ስስ ሽፋን ስለሚተወው ቦታው ላስቲክ የተለጠፈበት ይመስላል። በስንጥር ነካ ስታደርጉት ወደ ኋላ ይወራጭና በቀጭን ክር ይንጠለጠላል።

ሰናፍጭን ወጥመድ ማድረግ ይቻላል። በህንድ ለየ25 መስመር ጎመን ሁለት መስመር ሰናፍጭ ይዘራሉ፤ አንዱን ጎመኑ ከመተከሉ 15 ቀን ቀድመው፣ ሌላውን ከተተከለ 25 ቀን በኋላ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ዘርተው ሲረሱት ነው። ትሉ እዚያው ካልተገደለ ወጥመዱ መራቢያ ይሆናል፤ ሰናፍጩ ሲደርቅም እራቷ ወደ ጎመኑ ትዞራለች።

መድኃኒት የግድ ከሆነ አንዱን ዓይነት አትደጋግሙ። የተክሉን መርዝ የለመደ ነፍሳት የእኛንም ይለምዳል፤ ይህ ትል እ.ኤ.አ. በ1953 በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት ዲዲቲ የተባለውን ፀረ-ተባይ መቋቋሙ ተመዝግቧል። የንግድ ስም መቀየር መድኃኒት መቀየር አይደለም፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የንጥረ ነገር ስም አንብቡ። ያለ ልክ ስትረጩ ደግሞ ትሉ ውስጥ እንቁላል ጥለው የሚገድሉትን ትናንሽ ተርቦች ትጨርሳላችሁ፤ እነሱን ማጣት እጅግ ያሳዝነኛል።

ጥቅሉን ከቆረጣችሁ በኋላ ጉቶው ማሳ ላይ አይቆይ፤ ያቆጠቁጣል፣ እራቷም እዚያ ትከርማለች። ነቅላችሁ ቅበሩት፤ በቅርብ ካልተረጨ ለከብት ስጡት። አዲሱን ችግኝ ከአሮጌው ማሳ ራቅ አድርጋችሁ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ትከሉት።