ቤቱን አይሽጡ፣ ብስክሌቱን ግን ይግዙ

ከሐዋሳ የጻፉልኝ እናት 54 ዓመታቸው ነው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሂሳብ ክፍል 28 ዓመት ሠርተዋል። ባለቤታቸው ካረፉ 4 ዓመት ሆኗቸዋል። ሴቷ ልጃቸው ዱባይ ናት፣ ወንዱ አዲስ አበባ። ወንዱ ልጅ «ሥራውን ተይው፣ ቤቱንም ሸጠሽ እኛ ጋ ነይ፣ የልጅ ልጅሽን እያየሽ እረፊ» ይላቸዋል። የደብዳቤያቸው መጨረሻ እንዲህ ይላል፦

«ማረፍ አልፈልግም። ምን ትፈልጊያለሽ ስባል ደግሞ መልስ የለኝም። ልጅ ሳለሁ ብስክሌት በሰዓት እየተከራየሁ ሐይቁ ዳር እነዳ ነበር። አሁን ብቻዬን ካፌ ገብቼ ማኪያቶ ማዘዝ እንኳ ያሳፍረኛል። የሠፈራችንን ዕድር መዝገብ 9 ዓመት ይዣለሁ፣ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። በዚህ ዕድሜ አዲስ ነገር ይጀመራል ወይ?»

እትዬ፣ ይጀመራል። ግን ከቤቱ ልነሳ፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ይስተካከላል፣ ቤቱ ከተሸጠ ግን አይመለስም።

የእኔ እናት አዳማ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበራት። ጉልበቷ ሲደክም ቤቷንም ሱቋንም ሸጣ እኛ ጋ ገባች። እኛም ደስ ብሎን ነው የተቀበልናት። ገንዘቡን ለልጆቿ አከፋፈለችው፣ ማንም አላስገደዳትም። ዓመት ሳይሞላ አንድ ጧት ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆመች። ቤተ ክርስቲያን መሄጃ የታክሲ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። ብሩን ስትቀበል ዓይኗን ከዓይኔ አሸሸች። ዕድሜዋን ሙሉ ለሌላው ስትሰጥ የኖረች ሴት ናት። እኔ ያኔ ምንም አልመሰለኝም፣ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። አሁን እሷ የለችም፣ ያቺ ጧት ግን ከዓይኔ አትጠፋም። ስለዚህ ወላጅ ቤቱን ልሽጥ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው።

ልጅዎ ክፉ አይደለም። ይወድዎታል፣ ብቻዎን መሆንዎ ያሳስበዋል፣ ልጁን የሚይዝለት ሰውም ቸግሮታል። ሦስቱም እውነት ነው። እንዲህ ይበሉት፦ «ልጄ፣ ቤቱን አልሸጥም። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ልጁንም ጠግቤ እመለሳለሁ።» አጥብቀው አያብራሩ። ብዙ ሲያብራሩ ክርክር ይሆናል፣ ክርክር ከሆነ ደግሞ እናት ትሸነፋለች።

ሥራውንም አሁን አይልቀቁ። የጡረታ መውጫው 60 ዓመት ነው፣ 6 ዓመት ቀርቶዎታል። በየወሩ ከደመወዝዎ 7 በመቶ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደግሞ 11 በመቶ ለጡረታ ይገባል። የጡረታው መጠን የሚሰላው በአገልግሎት ዘመንዎና በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደመወዝዎ ነው። በዚህ ሰዓት መውጣት ራስን መጉዳት ነው። ይልቅ በዚህ ወር ሰው ሀብት ክፍል ይሂዱና የግል ማኅደርዎን አስወጥተው ይዩ። ሲቀጠሩ በሞሉት የሕይወት ታሪክ ፎርም ላይ የትውልድ ዘመንዎ ስንት ተብሎ ነው የተጻፈው? ለጡረታ የሚያዘው እሱ ነው። ስምዎ በቅጥር ደብዳቤው፣ በባንክ ደብተሩና በፋይዳ መታወቂያው ላይ አንድ ዓይነት ነው? በአንዲት ፊደል ምክንያት ወራት ሙሉ ቢሮ ለቢሮ የተንከራተቱ ጡረተኞች አውቃለሁ። እርስዎ እያሉ፣ የሚያውቅዎት ሰው ወንበሩ ላይ እያለ ያስተካክሉት።

አሁን ወደዚያ ዕድር እንመለስ። «ሌላ የማውቀው ነገር የለም» ያሉት ነገር አናደደኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። 9 ዓመት የሕዝብ ገንዘብ ይዘው አንድ ብር አልጎደለም። ሐዋሳ ውስጥ ስንት ነጋዴ እንዲህ ያለ ሰው እንደሚፈልግ ያውቃሉ? ካፌው፣ ፔንሲዮኑ፣ የግንባታ ዕቃ መደብሩ ደረሰኙን በፌስታል አጠራቅሞ ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ራሱን ይዞ ይጮኻል። ሐምሌ ሲገባ «ሂሳብ የሚያውቅ ሰው አታውቅም ወይ» እያለ ይዞራል። የሚያጣው ምሁር አይደለም። የሚያጣው ደረሰኙን በቀኑ የሚመዘግብ፣ ዜድ ሪፖርቱን፣ ማለትም የሽያጭ ማሽኑን የዕለት ማጠቃለያ፣ የሚያያይዝ፣ አፉ የተዘጋ፣ እጁ የታመነ ሰው ነው።

የጎደለዎት አንድ ነገር አለ። የመንግሥት ሂሳብ የበጀት ሂሳብ ነው፣ የነጋዴው ግን ሌላ ነው። ሽያጭ፣ ግዢ፣ የዕቃ ቆጠራ፣ 15 በመቶው ቫት አለ። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ የሚሰጥ የፒችትሪ፣ ማለትም በኮምፒውተር ሂሳብ የሚሠራበት ፕሮግራም፣ ሥልጠና ይመዝገቡ። አጠገብዎ የሚቀመጡት የ22 ዓመት ልጆች ይሆናሉ። ኮምፒውተሩን ከእርስዎ ይፈጥናሉ። ዴቢትና ክሬዲት ላይ ሲደርሱ ግን እርስዎን ነው የሚጠይቁት፣ ይህን አሁኑኑ እነግርዎታለሁ።

ከዚያ አንድ ደንበኛ ብቻ ይያዙ። የሚያውቁትን ሰው፣ ለ3 ወር። ዋጋውን መጀመሪያ ይነጋገሩ፣ «ግዴለም፣ የሰጡኝን» አይበሉ። ከዚህ በፊት ግን ከመሥሪያ ቤትዎ ውጪ መሥራት ይፈቀድልዎት እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ በተለይ ሥራው ከቢሮዎ ጉዳይ ጋር የሚነካካ ከሆነ። ካልተፈቀደ ሥልጠናውን ብቻ ይጨርሱ፣ ሥራው ለጡረታው ይቆያል። ሂሳብ መርምሮ መፈረም ደግሞ የራሱ የሙያ ፈቃድ አለው፣ እሱን አይንኩት። ገቢው እየሰፋ ሲመጣ ንግድ ፈቃድና ግብር እንደሚከተል ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

የሚያገኙት ብር ለብቻው በሌላ ደብተር ይቀመጥ። ለልጆች አይደለም፣ ለቤት ማደሻም አይደለም።

እና ማኪያቶው። ይህን ቀላል ነገር አድርገው አይዩት፣ እኔ ከሥልጠናው እኩል ነው የማየው። ወንድ ልጅ ብቻውን ካፌ በረንዳ ላይ ግማሽ ቀን ቢቀመጥ «ምን ሆኖ ነው?» የሚለው የለም። ሴት ስትሆን፣ ያውም ባሏ የሞተባት፣ ሰው የሚያያት ይመስላታል። የሚያይም ይኖራል። ሁለት ደቂቃ ያይና ወደ ስልኩ ይመለሳል። አንድ ካፌ ይምረጡ፣ ቅዳሜ ጧት 2 ሰዓት ላይ ይግቡ፣ ሁልጊዜ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጡ። የመጀመሪያው ቀን ይጨንቃል፣ ማኪያቶውን አንዴ ጨልጠው መውጣት ያምርዎታል። አይውጡ። በአራተኛው ቅዳሜ አስተናጋጇ ሳያዙ ታመጣልዎታለች። ሲለምዱት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርደው የዓሣ ሾርባ ይዘዙ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዙሪያቸውን ሲሻሙ ይዩ። ያደጉበት ከተማ ነው፣ ግን ስንት ዓመት ሆነዎት ከወረዱ?

ስለ ብስክሌቱ ምንም አልጠየቁኝም፣ እንዲያው ጣል አድርገውት ነው ያለፉት። እኔ ደግሞ «ምን እንደምፈልግ አላውቅም» ላሉት መልሱ እሱ ውስጥ ነው ባይ ነኝ። ከደብዳቤዎ ውስጥ ደስ ያለዎት እዚያች መስመር ላይ ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ዳገቱ ያስቸግረዋል፣ ሐዋሳ ግን ሜዳ ናት፣ ብስክሌትም ብርቅ አይደለም። ግፊት ወይም የጉልበት ሕመም ካለብዎ መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ።

ሲገዙ መሐል ብረቱ ዝቅ ያለውን፣ ቀሚስ የማይዘውን ይምረጡ። ኮርቻውን ያስወርዱት፣ ተቀምጠው ሁለቱም እግርዎ መሬት ይርገጥ። የመጀመሪያውን ሳምንት ፔዳሉን ይተዉት፣ በእግርዎ መሬቱን እየገፉ ብቻ ይሂዱ። ሚዛኑን ሰውነትዎ አልረሳውም፣ የሚደነግጠው ትከሻና እጅ ነው። ጧት 12 ሰዓት ላይ፣ ባጃጁ ሳይበዛ፣ በሠፈርዎ የውስጥ መንገድ ይለማመዱ። ሐይቁ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው ቦታ ድረስ የደረሱ ቀን ይጻፉልኝ።